አሮጌ ኦራል ለወደደ ልጅ

ልጄ፣ ልብህ ባረጀ የጦር መኪና መያዙን እናትህ ነገረችኝ። «ጤና የለውም እንዴ?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ጤነኛ ነው፤ በሌላው አገር እንዲህ ያለው ሰው ማኅበር አለው» ብዬ አረጋጋኋት። ውሸት አልነገርኳትም። አሜሪካኖች የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪ የሚንከባከቡበትን ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የእነሱ ጦር እ.ኤ.አ. በ1919 ከዋሽንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በሰልፍ ያደረገውን የመኪና ጉዞ፣ ያኔ ወጣት መኮንን የነበረው፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አይዘንሃወር የተካፈለበትን፣ የማኅበሩ ሰዎች ከ90 ዓመት በኋላ በአሮጌ መኪኖቻቸው ደግመውታል። ፈረንሳይ ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ደግሞ በየዓመቱ ግንቦት 29 ሲደርስ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጂፕና ካሚዮን እንደ ንብ ይሰፍራል።

እኛ ዘንድ በመካነ ሰላም ቀርቶ በደሴም እንዲህ ያለ ማኅበር አላየሁም። ስለዚህ ጀማሪ ነህ። እኔ ከረዳትነት ተነሥቼ ሹፌር፣ ከሹፌርነት መካኒክ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው የብረቱን ነገር ነው። የብረቱ ነገር ግን በዚህ አገር የሰው ነገር ሳይከተለው አይመጣም፤ ሁለቱንም ላጫውትህ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

1. መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ።

ብረት ሜዳ ላይ ስለተጣለ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የጦር መኪና ከመዝገብ የሚወጣው በሥርዓት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያረጀ ንብረታቸውን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ጨረታው መቼ እንደሚወጣ ጠይቅ። የሽያጭ ውሉን፣ ሊብሬውን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን አመሳክር። የሻንሲው ቁጥር ተፍቆ ካገኘኸው በነጻ ቢሰጡህም እግርህን አንሳ። ከጣሊያን ዘመን የቀረ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል አለና፣ አንድ ቡሎን ከመፍታትህ በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አማክር።

2. ውስጡን ሳታይ ቁልፍ አትሰንዝር።

ይህን ከሁሉም በላይ ስማኝ። ወሎ ጦርነት ያላየ ትውልድ የለውም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ በወሎ መንገዶች ላይ የተቃጠለው ተሽከርካሪ ብዙ ነው፤ በ2014 ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ሌላ ብረት ቀርቷል። ሜዳ ላይ የቆመ የጦር መኪና ከወንበሩ ሥር፣ ከካሶኒው ወለል በታች፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ይዞ ሊሆን ይችላል። ዝገት ጥይትን አይገድልም፤ እንዲያውም ባሕርይውን ያከፋዋል። ቆራሌው ብረቱን በኪሎ ይገዛልና ልጆች ጉድጓድ ለጉድጓድ ይለቅማሉ፤ አንተ ከእነሱ ጋር አትለቅም። የማታውቀው ክብ ወይም ሹል ነገር ካየህ አትንካው፣ አታንሳው፤ ቦታውን በድንጋይ ክበብና ለፖሊስ ተናገር። ውስጡ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው መኪናውን በገመድ እንኳ አትጎትት።

3. ዘሩን እወቅ።

ሰው ሁሉ «ኦራል» ይላል እንጂ ኦራል ከሚባለው ግማሹ ዚል ነው። ይህን መለየት ካልቻልክ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደህ መለዋወጫ ስትጠይቅ ሻጩ ዓይንህን አይቶ ዋጋውን ያወጣዋል።

ኦራል የሚሠራው በሩሲያ፣ በኡራል ተራራ ሥር ባለችው በሚያስ ከተማ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን ስድስቱም ጎማው ይነዳል። የፊተኛው ዓይነት 375 የሚባለው ቤንዚን ጠጪ ነው፤ ስምንት ሲሊንደሩ በሁለት ረድፍ የተሰደረ፣ 7 ሊትር፣ 180 ፈረስ ጉልበት። ጠጪ ያልኩህ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ስለሚወስድ ነው፤ ዳገት ላይ ከዚያም ያልፋል። የኋለኛው 4320 እ.ኤ.አ. በ1977 መጣ፤ የካማዝን የናፍጣ ሞተር ይዞ 210 ፈረስ ጉልበት አለው፣ አፍንጫውም ወደ ፊት ረዘም ይላል። የምትወደው የትኛው እንደሆነ ኮፈኑን ሳትከፍት ከአፍንጫው ልታውቅ ይገባል። ለኪስህ የሚሻለው የኋለኛው ነው፤ ለዓይን ግን የፊተኛው ይበልጣል፤ ይህ የእኔ ጣዕም ነው።

ዚል 157 ክብ አፍንጫ ያለው፣ ስድስት ሲሊንደሩ በአንድ ረድፍ የቆመ፣ ዝግተኛ ግን የማይሰለች መኪና ነው። ዚል 131 ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 150 ፈረስ ጉልበት። ጋዝ 66 አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ ጋቢና ውስጥ በሹፌሩና በተሳፋሪው መሐል ተቀምጧል፣ ለመጠገን ጋቢናውን ወደ ፊት ትደፋዋለህ፤ የማርሹ ዘንግ ከክንድህ ኋላ ስለሆነ አዲስ ሹፌር እጁን ወዴት እንደሚልክ ግራ ይገባዋል። ክራዝ ከዩክሬን የመጣ ግዙፍ ነው፤ እሱን አትመኝ፣ የምታኖርበት ግቢ የለህም።

ኢፋ ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን ነው፤ ሉድቪግስፌልደ የተሠራ፣ አራት ሲሊንደር፣ 125 ፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ መኪና። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሲያሻቅብ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ቡና ጠፋ፤ ደርግም ቡና እየላከ መሣሪያና ዕቃ ተቀበለ። እኛ ቡናውን በሸክላ ስኒ እየቆጠርን ስንጠጣ፣ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የእኛን ቡና እየጠጣ ኢፋ ይገጥም ነበር ብዬ አንዳንዴ እስቃለሁ።

ከነዚህ በፊት የአሜሪካ ዘመን ነበር። በ1945 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት የንጉሠ ነገሥቱን ጦር በአሜሪካ መኪና ላይ አስቀመጠው፤ ሁለት ቶን ተኩል የሚጭነው ባለ ስድስት ጎማ መኪና የዚያ ዘመን ነው። በ1969 ደርግ ከዋሽንግተን ጋር ተቀያየመ፣ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ፤ በ1970 ደግሞ የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ ጎረፈ። መካኒኩ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ የኢንች ቁልፉን አስቀምጦ የሚሊ ሜትር ቁልፍ ገዛ። አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓይነት የቁልፍ ሳጥን ጎን ለጎን ካየህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከሁሉም ሥር የጣሊያኑ አለ። ፊያት 634 ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተሠራ የናፍጣ ካሚዮን ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ትሬንታ ኳትሮ ይሉታል። መሪው በስተቀኝ ነው፤ የተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ተብሎ ነው። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የዘመተው በ1928 ሚያዝያ 18 ቀን፣ ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ዝናብና ጭቃ ይዞት ወታደሩ እየገፋ አወጣው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። አምስት ዓመት ሞልቶ በ1933፣ በዚያው በሚያዝያ 18፣ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ደሴን ከጣሊያን እጅ አወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። የጣሊያን መኪና ካገኘህና ለሰው ልታሳይ ካሰብክ ቀኑን አትፈልግ፤ ተቀምጦልሃል።

እኔ የተማርኩበት ኤንትሬ፣ ፊያት 682፣ የጦር መኪና አይደለም። ግን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ እያልን የምንፈታው የምንገጥመው ሁሉ የመጣው በዚያው በር ነው። ሩሲያኛ ያጠና መካኒክ እንኳ ኦራሉን ሲፈታ የሚያወራው በጣሊያን ቃል ነበር።

4. ቀለም ሳይሆን ሞተር፤ ሞተር ሳይሆን ፍሬን።

ወጣት ሁሉ የሚጀምረው ከቀለም ነው። መኪናው ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ይሞታል። አንተ ከፍሬን ጀምር። የኦራል ፍሬን ቅልቅል ነው፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ንፋሱ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሸራውን። ከሁለቱ አንዱ ካፈሰሰ ሁለቱም አይሠሩም። የላስቲክ ክፍሉን በሙሉ ቀይር፣ ቱቦውን ቀይር፣ የንፋስ ታንከሩን ውኃ አፍስስ፤ ዓመታት የቆመ ታንከር ውስጥ ዝገት ያዘለ ውኃ አለ። ሸራውን ስታጸዳ በደረቁ አትቦርሽ፣ በአፍህም አትንፋ፤ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። አርጥበው፣ አፍንጫህን ሸፍን።

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚያሻግረውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ያን የምትወርደው ፍሬን እየረገጥክ አይደለም፤ በወጣህበት ማርሽ ትወርዳለህ፣ ሞተሩ ይይዝሃል። ረዳት ሳለሁ ታኮ ይዤ ከጎን እየሮጥኩ የወረድኩበት ዘመን ነበር። አሁን እንዲያ አይደረግም፤ አንተ ግን ታኮ ከጋቢናህ አይጥፋ።

5. ደጋ መሆንህን ለሞተሩ ንገረው።

ይህን የሩሲያ መመሪያ መጽሐፍ በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው በዚያ መስመር ላይ ነው። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩቡ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያንቆረቁራል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭስ ማውጫው ይሸታል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። የ180 ፈረስ ኦራል እዚህ የ135 ያህል ቢሠራልህ ደህና ነው። መፍትሔው የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በአነስተኛው መለወጥና የእሳቱን ሰዓት ጥቂት ማስቀደም ነው፤ ነገር ግን በረሃ ስትወርድ ወደ ነበረበት መመለስ እንዳለብህ አትርሳ። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም ይደክማል፤ ፖምፓው ካልተስተካከለ እንደ ቤት ጭስ ያጨሳል።

ውኃውም ያው ነው። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እኛ ዘንድ ከ91 ብዙም ሳይርቅ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ካልሆነ መኪናው ሳይሞቅ «ፈላ» ይልሃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቴስታታ ይፈታል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሞተር ስታስነሣ በሞተሪኖ አትጀምር። ካንዴላውን አውጣ፣ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምር፣ እንዲያድር ተወው፣ ከዚያ በማኖቬላ በእጅ አዙር። ከዞረ እግዜር ረድቶሃል፤ ካልዞረ በጉልበት አትታገለው። ሰልባትዮውንም አውርድ። ባዶ ነው ብለህ ፈጽሞ በብየዳ እሳት አትቅረበው፤ ባዶ የቤንዚን ታንከር ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግመህ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያም ለሚያውቅ በያጅ ስጥ።

6. ከጎማው ቀለበት ራቅ።

አጭር ነው። የኦራል ጎማ ትልቅ ነው፤ 14.00-20 ይባላል፣ ቸርኬው ላይ የሚይዘው ቀለበት ነው። የዛገ ቀለበት ጎማ ሲነፋ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው «እኔ ለምጄዋለሁ» ካለህ ሌላ ጎሚስታ ፈልግ። በሰንሰለት ታስሮ ወይም በብረት ቀፎ ውስጥ ሆኖ፣ ሰው ከጎን ቆሞ እንጂ ከፊት ሳይሆን ይነፋ። ከጋቢና ሆኖ የጎማ ንፋስ የሚቀንሰው መሣሪያ ካለውና ከሠራልህ ደስ ይበልህ፤ ጭቃ ላይ እስከ ግማሽ አትሞስፌር አውርደህ መሬቱ ላይ ስትንሳፈፍ የሠሩትን መሐንዲሶች ትመርቃለህ። ከጉጉፍቱ እስከ አቀስታ ያለው ደጋ በክረምት ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ምርቃቱን አይሰስትም።

7. ቁስሉን አትሰውር።

ሳትፈታ ፎቶ አንሣ፤ እያንዳንዱን ቡሎን ከነቦታው። ከዚያ በር ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ መርጠህ በውኃ ብርጭቆ ወረቀት በክብ ፋቅ፤ ቀለሙ በንብርብር ይወጣልሃል። ከላይ የመጨረሻው ባለቤት ቀለም፣ ከሥሩ የጦሩ፣ ከዚያ የፋብሪካው። ያን ክብ አትሸፍነው፣ እንደተፋቀ ይቀመጥ። በሩ ላይ የጥይት ቀዳዳ ካለ ባትላሜራው «በስቱኮ ልድፈነው» ይልሃል፤ እንቢ በል። ወታደር በሚስማር የቧጨረው ስም ካለማ በእጅህም አትዳስሰው። የተበላ ላሜራ ቢቀየር አልቃወምም፤ የተለወጠው የቱ እንደሆነ በማስታወሻ ደብተር ጻፍ፣ አሮጌውንም ለቆራሌ አትስጥ። መኪናውን አዲስ ለማስመሰል ገንዘብ ማፍሰስ አልወድም። አዲስ መኪና የፈለገ ሲኖትራክ ይግዛ።

8. ለማን እንደምታሳይ አስብ።

የፈረንጁ ሰልፍ ላይ ሰዎች የድሮ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ የውሸት መሣሪያ ጭነው በሆታ ያልፋሉ። የእነሱን አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ የሚያሳዩት ነጻ ያወጣቸውን መኪና ነው። ያንተ ኦራል ግን ወደ እኛ ወረዳ ወደ ቦረና የገባው በሌላ መልክ ነው።

በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዘመቻ በመጣ ቁጥር አፈሳ ነበር። የኦራል ድምፅ ከዳገቱ ማዶ ሲሰማ ወንድ ልጅ ያላት ሁሉ ልጇን ወደ ገደል፣ ወደ ጫካ፣ ወደ ጎተራ ትሰድ ነበር። በገበያ ቀን የመጣ መኪና ገበያውን ይበትነው ነበር። በ1977 ድርቁ ሲበረታ ደግሞ ያው መኪና እህል አመጣ፤ ሶቪየት 300 ያህል መኪና ከሄሊኮፕተርና ከአንቶኖቭ ጋር ልኮ ነበር። እህል አውርዶ ሲመለስ ሰው ጫነ፤ ወደ ሰፈራ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ። በዚያ ሰፈራ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተነሥቷል፤ የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። ፈቅዶ የሄደ አለ፣ ተገድዶ የተጫነ አለ፣ ከሚስቱ ተለያይቶ በሌላ መኪና የተጫነ አለ። ተመልሶ የመጣም አለ፤ ዛሬ በእኛ ሰፈር ቡና ላይ አብሮህ የሚቀመጥ።

ስለዚህ ያንን መኪና አጽድተህ አደባባይ ከማቆምህ በፊት ሽማግሌዎችንና እናቶችን ቤትህ ጠርተህ ቡና አፍላላቸው። ሸኽም ይኑር ቄስም ይኑር። «ይህን ላስነሣ ነው፣ ምን ትላላችሁ?» በል። ዝም ያሉህን ቆጥረህ አትለፍ፤ እዚህ አገር ዝምታ ፈቃድ አይደለም። አንዲት እናት «ድምፁን አታሰማኝ» ካለችህ በዕለቱ ሞተሩን አታስነሣ፤ ቆሞ ይታይ። ሊያወራ የፈቀደ ካለ ደግሞ ጎኑ ቁጭ ብለህ ቅዳ፤ የሞተሩን ጉልበት የሚያውቅ ብዙ ነው፣ ካሶኒው ላይ ተጭኖ የሄደ ሰው ያየውን የሚያውቅ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

መኪናው አጠገብ የምትሰቅለው ጽሑፍ ላይ የፈረስ ጉልበቱን በአንድ መስመር፣ የጫነውን ሰው ነገር በአሥር መስመር ጻፍ። አዲስ አበባ ስትሄድ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እይ፤ ሐዘንን ያለ ጌጥ ማሳየት ይቻላል። ለእይታ የቀረቡትን የንጉሣውያን መኪኖችም እይ፤ ያማሩ ናቸው፣ ዓይንህ አጠባበቅን ይማርባቸዋል። የሁለቱ ስሜት ግን አይገጥምም፤ ያንተ መኪና ለመጀመሪያው ይቀርባል። የደንብ ልብስና የእንጨት ጠመንጃማ አትሞክረው።

9. ሁሉም ብረት አይነሣም።

ከእኛ ሰሜን ምሥራቅ፣ ተንታ ወረዳ፣ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል ተኝቷል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ነው። በሬ አልበቃውምና ሰው ጎተተው፤ መንገዱ የተሠራው ለእሱ ሲባል ነው፣ ገደሉ እየተናደ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በ1860 አምባው ላይ ደረሰ። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በበኩሉ መድፎቹን ለማሸከም 44 ዝሆን ከሕንድ አምጥቶ ነበር። ሁለቱም ወገን የተጨነቀው አንተ በምትጨነቅበት ነገር ነው፤ በዚህ ደጋ ላይ ከባድ ብረት እንዴት ይንቀሳቀሳል? ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 አለፉ፤ መድፉ ግን ከአምባው አልወረደም።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሟል፤ ያ ለከተማ ይበቃል። ዋናው አምባው ላይ መተኛቱን እወዳለሁ። ማንም ቀለም አልቀባው፣ ማንም ጎማ አልገጠመለት፤ እግርህ ደክሞ ስትደርስ እዚያ መሆኑ ራሱ ይናገራል። አንዳንድ የተቃጠለ መኪና እንዲሁ ነው፤ የወደቀበት ቦታ ካልታወቀ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለውን አጽዳ፣ ዙሪያውን አጥር፣ ታሪኩን ጻፍ፣ እዚያው ተወው። የምታነሣው ሌላ አለልህ።

10. አሁን ከግቢ አታውጣው።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ግጭት ታውቃለህ፤ እኔ አላብራራልህም። በዚህ ጊዜ የጦር መኪና መልክ ያለው ነገር በመንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ራሱን ከማን ወገን እንደሆነ ሊጠየቅ አሳልፎ ይሰጣል፤ መልሱን እስኪናገርም አይጠብቁት ይሆናል። የጦር አረንጓዴም አትቀባው፤ የዝገት መከላከያውን ቀይ ሥር ቀለም ብቻ ቀብተህ አቁመው፣ ባትሪውን አውጣ፣ የፊት ጎማዎቹን በጉማጅ እንጨት ላይ አንሣ። የቆመ መኪና ላይ የሚሠራ ሥራ ለዓመታት አያልቅም፤ ካምቢዮው አለ፣ ሁለቱ የኋላ ዲፈረንሻል አለ፣ የባሌስትራው ቅጠሎች ተፈትተው በግሪስ ይገጠማሉ።

11. ብቻህን አትሥራ፤ ዕዳም አትግባ።

በወር ከምታገኘው ከቤት የተረፈውን ብቻ ስጠው፤ አይበልጥም። ላም ሸጦ ጎማ የገዛ ሰው ሚስቱም ጎረቤቱም አይረሱለትም። መለዋወጫ ስትፈልግ መጀመሪያ በአገር ቤት ያሉ ጋራዦችን ጠይቅ፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያ ሶማሌ ተራ። የማይገኘውን ቶርኖ ቤት አስቀርጽ፤ ናሙናውን ይዘህ ሂድ፣ በቃል አትንገር። የፋብሪካው ቁጥር የተመታበት አሮጌ ዕቃ ካለህ በቡና ዋጋ እንኳ አትለውጥ።

ባትላሜራውን፣ ጎሚስታውን፣ ኤሌክትሪሻኑን በሰዓቱ ክፈል። ሁለት ሦስት ልጆች አስጠጋ፤ አንዷ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ የሴት እጅ ለካርቡራተር ይሻላል። ደርግ ሩሲያ ልኮ ያስተማራቸው መካኒኮች በደሴም በኮምቦልቻም በጡረታ አሉ፤ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘህ ሂድና ደብተርህን ክፈት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ የነገሩህን ሁሉ በዚያው ቀን አትሞክረው፤ መጀመሪያ ጻፈው፣ ከሁለት ሰው አመሳክረው።

የኮሎውንና የቢየላውን መበላት ለመለካት ማይክሮሜትር ያስፈልግሃል። የእኔ ከእንጨት ሳጥኑ ጋር አለ፤ ሩሲያዊ ነው፣ አሁንም አይዋሽም። መጥተህ ውሰድ። ለሌላ ሰው አታውሰው፣ ብርድ ላይ አታሳድረው፣ በሰኔ ውስጥ መልስልኝ፤ የጎረቤቴ አይሱዙ ቴስታታ ሊወርድ ነው።